ግሥ ያጣ ትእዛዝ፤ በመድኃኒት ከረጢት ላይ ስለሚጻፈው አማርኛ የቀረበ ሂስ

ሂስ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ልብ ወለድ፣ ወደ ቅኔና ወደ ቴያትር ይሄዳል። ነገር ግን ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ በብዙ ሰው እጅ የሚገባ አንድ አጭር ጽሑፍ አለ፤ ይኸውም መድኃኒት ቀማሚው በከረጢቱ ወይም በጠርሙሱ ላይ የሚጽፈው ትእዛዝ ነው። ደራሲው ስሙን አይፈርምበትም፤ አንባቢውም ስለ ውበቱ አይከራከርም። ሆኖም ይህ ጽሑፍ ጎደሎ ሲሆን የሚከፈለው ዋጋ መጥፎ ልብ ወለድ በማንበብ ከሚባክነው ጊዜ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ትእዛዝ እንደ ማንኛውም ድርሰት አንብቤ፣ ምን እንደሚናገርና ምን እንደሚያስቀር ለመመርመር አስቤአለሁ።

የተለመደውን ዐይነት ለምሳሌ እንውሰድ፤ «ክኒን፤ 1 × 3፤ ለ7 ቀን።» በዚህ ትእዛዝ ውስጥ አንድ ስምና ሦስት ቁጥሮች ይገኛሉ። ስንት እንደሚወሰድ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድና ለስንት ቀን እንደሚወሰድ ተነግሮናል። ምን እንደሚደረግ ግን አልተነገረንም። ግሥ የለውም። አማርኛ ደግሞ ዐረፍተ ነገሩን በግሥ የሚያሥር ቋንቋ ስለ ሆነ፣ ግሥ የሌለው ትእዛዝ ጫፉ ያልታሰረ ጆንያ ነው። በሽተኛውም የጎደለውን ግሥ ከራሱ አውጥቶ ይጨምርበታል፤ ይህም ግሥ አብዛኛውን ጊዜ «ይዋጣል» የሚል ነው።

«ክኒን መዋጡን የማያውቅ ማን ነው?» የሚል መልስ ሊሰጠኝ እንደሚችል ዐውቃለሁ። ክርክሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው። «ክኒን» የሚለው ቃል የመጣው ከአንድ መድኃኒት ስም፣ ማለት ከኪኒን ነው። ኪኒን ፔሌቲዬና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1820 ሲንኮና ከሚባለው ዛፍ ቅርፊት ለይተው ያወጡት የወባ መድኃኒት ነው። የአንዱ መድኃኒት ስም በአገራችን የቅርጹ ሁሉ ስም ሆነ፤ ቅርጹም ከኪኒን የወረሰውን ግሥ ይዞ ቀረ። ኪኒን ይዋጥ ስለ ነበር፣ ኪኒን የሚመስል ነገር ሁሉ ይዋጣል ተባለ። ክኒን ሁሉ የሚዋጥ ቢሆን ኖሮ በዚህ ስያሜ ላይ የምሰነዝረው ነቀፌታ ባልኖረ ነበር። ዛሬ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ የሚከተሉትን አምስት ክኒኖች እንመልከት።

1ኛ/ ደረቱን ለሚያመው የልብ በሽተኛ የሚሰጠው ናይትሮግሊሰሪን ከምላስ ሥር ይቀመጣል እንጂ አይዋጥም። መድኃኒቱ በአንጀት በኩል የሄደ እንደ ሆነ ደም ከአንጀት በመጀመሪያ ወደ ጉበት ስለሚፈስ ጉበት አብዛኛውን ያፈርሰዋል። ከምላስ ሥር ሲቀመጥ ግን በስሱ ቆዳ በኩል በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወደ ደም ይገባል። መድኃኒቱ ለዚህ ሕመም መዋሉን ዊልያም መረል የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1879 ጽፎበታል። ጭንቅ ይዞት ክኒኑን የዋጠ በሽተኛ መድኃኒቱን በእጁ ይዞ መድኃኒት እንዳጣ ሰው ይቈጠራል።

2ኛ/ ለሆድ ትል የሚሰጠው አልቤንዳዞል ለልጆች በሚታኘክ ክኒን መልክ ይዘጋጃል።

3ኛ/ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የሚታዘዘው የዚንክ ክኒን በማንኪያ ውስጥ በንጹሕ ውኃ ወይም በእናት ጡት ወተት ይሟሟና ይጠጣል። ክኒኑን እንዳለ በሕፃን አፍ ውስጥ መጨመር ሊያንቀው ይችላል።

4ኛ/ ለሴቶች የፈንገስ ሕመም የሚሰጠው አንዱ የክሎትሪማዞል ዐይነት መልኩ ፍጹም ክኒን ነው፤ የሚገባው ግን በብልት ውስጥ ነው። የዋጠችው ሴት የታመመው ቦታ መድኃኒቱን ሳያገኝ ይቀራል፤ እርሷም መድኃኒቱ ሰነፍ ነው ብላ ትደመድማለች።

5ኛ/ ለደም ግፊት ከሚሰጡት ክኒኖች አንዱ፣ በቀስታ እንዲለቅ ሆኖ የተሠራው ኒፌዲፒን፣ በእርግጥ ይዋጣል፤ ነገር ግን ሳይሰበርና ሳይፈጭ ነው። ለብዙ ሰዓት የታሰበው መጠን ተፈጭቶ በአንድ ጊዜ የተለቀቀ እንደ ሆነ የደም ግፊቱን በድንገት አውርዶ ሰውን ለአደጋ ያጋልጣል። መዋጥ ላቃተው ሽማግሌ ክኒኑን በሙቀጫ የሚፈጭለት ልጅ ለአባቱ መልካም እያደረገ ይመስለዋል።

እነዚህ አምስቱም በከረጢቱ ላይ «ክኒን» ናቸው። ልዩነታቸው ያለው በግሡ ነው፤ የተተወውም ግሡ ነው።

ግሡ ሲተው የሚፈጠረው ክፍተት በሌላ በኩልም ይታያል። የካፕሱል ቅርፊቱን ፈትቶ ዱቄቱን በቁስል ላይ መነስነስ በአገራችን የታወቀ ልማድ ነው። ይህን የሚያደርገው ሰው የጻፉለትን ትእዛዝ ጥሷል ለማለት ያስቸግራል፤ በከረጢቱ ላይ «ይዋጣል» የሚል ትእዛዝ አልተሰጠውምና። ዶክሲሳይክሊን የሚባለውም ካፕሱል በቂ ውኃ ሳይጠጡበት፣ በተለይም ወዲያው ተጋድመው የዋጡት እንደ ሆነ፣ በጉሮሮ ቧንቧ ላይ ተጣብቆ ሊያቈስል ይችላል። «ተቀምጦ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ የሚዋጥ» የሚለው ሐረግ ግን በ«1 × 2» ውስጥ ቦታ አላገኘም።

እንግዲህ ግሡ የጠፋው የት ነው? በሐኪሙ ወረቀት ላይ እንዳልጠፋ መመስከር ይገባል። የሐኪሞች ልማድ የመድኃኒቱን መንገድ በላቲን ምሕጻር መጻፍ ነው፤ «ፔር ኦስ» ማለት በአፍ፣ «ፔር ሬክቱም» ማለት በመቀመጫ በኩል፣ «ሱብ ሊንጓ» ማለት ከምላስ ሥር ነው። መንገዱ የሚጠፋው ትእዛዙ ከላቲን ወደ አማርኛ ሲሻገር ነው። ቁጥሮቹ ድንበሩን በሰላም ይሻገራሉ፤ መንገዱ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ላቲን ለማያነብበው በሽተኛ የደረሰው ስንት የሚለው ሲሆን፣ ላቲን ለሚያነብበው ሐኪም የቀረው በየት የሚለው ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን ለማሳየት ማብራሪያ የሚያሻ አይመስለኝም።

ለዚህ መጥፋት ሁለት ምክንያቶች ያሉ ይመስለኛል። የመጀመሪያው የሰዋስው ምክንያት ነው። አማርኛችን ለወንድ «ዋጥ»፣ ለሴት «ዋጪ»፣ ለብዙዎች «ዋጡ»፣ ለትልቅ ሰው «ይዋጡ» ይላል። ልጅ ለአባቱ፣ ባል ለሚስቱ፣ ጎረቤት ለጎረቤቱ መድኃኒት ሊገዛ በሚመጣበት ጊዜ ቀማሚው ከአራቱ የትኛውን ይጻፍ? ለአባት የሚሄደውን ከረጢት «ዋጥ» ብሎ መጻፍ ነውር ነው፤ ለሕፃን የሚሄደውን «ይዋጡ» ማለትም ያስቃል። ስለዚህ ማንንም ላለማስቀየም ግሡን ጨርሶ መተው ይቀላል። ቁጥር ጾታም ማዕርግም የለውም።

ሁለተኛው ምክንያት ይሉኝታ ነው። በመቀመጫ ወይም በብልት በኩል የሚገባ መድኃኒት በሚሰጥበት ጊዜ፣ ሰልፍ በበዛበት መስኮት ፊት ቃሉን አውጥቶ መናገር ለሰጪውም ለተቀባዩም ያሳፍራል። ቀማሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንደ ታዘዘው ነው» ይላል፤ ተቀባዩም የገባው መስሎ ይሄዳል። ሥነ ሥርዐታችን የከበረ ነገር ነው፤ ነገር ግን ጨዋነታችን በሽተኛውን ሳይነገረው ወደ ቤቱ የሚሰድደው ከሆነ፣ ያ ጨዋነት ለማን እንደሚጠቅም መጠየቅ አለብን። በአፍ ለመናገር የሚያሳፍረውን ነገር በጽሑፍ መግለጽ ይቻላል፤ የጽሑፍ አንዱ ጥቅም ይህ ነውና።

አማርኛ ለመድኃኒት መንገድ የሚሆን ቃል ስለሌለው ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ ወደ እናቶቻችን ጓዳ ልመልሰው እወዳለሁ። በዚያ ኮሶ ይጠጣል፤ ጥቁር አዝሙድ በጨርቅ ተቋጥሮ ይሸተታል፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይፈላና በእንፋሎቱ ይታጠኑበታል፤ ዳማከሴ ታሽቶ ይጨመቅና ጭማቂው ይጠጣል፤ ማር ይላሳል፤ እሬት ይቀባል። የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአፍ፣ በአፍንጫ፣ በሳንባና በቆዳ እያሉ በምዕራፍ የሚከፍሉትን መንገድ፣ ሕዝባችን በየግሡ ከፍሎ ይዞታል። በዚህ አነጋገር ውስጥ የመድኃኒቱ ስም ያለ ግሥ ሲጠራ አይሰማም።

ይሁን እንጂ የጓዳውን መድኃኒት ስናመሰግን ጉድለቱንም አንሸሽግ። ግሥ ነበረው፤ ቁጥር ግን አልነበረውም። ኮሶን ምን ያህል እንደሚጠጡ የሚወስነው የጠጪው ጽናትና የሰጪው ልምድ ነበር፤ መጠኑ ያለፈ እንደ ሆነም ኮሶ ትሉን ብቻ ሳይሆን ሰውየውንም ይጎዳል። እንግዲህ የአሮጌው ትእዛዝ ግሥ ያለ ቁጥር ነበር፤ የአዲሱ ትእዛዝ ቁጥር ያለ ግሥ ሆነ። አዲሱ የአሮጌውን ጉድለት ሲሞላ የአሮጌውን ሀብት ጣለው። ሥልጣኔን እንዲህ አድርጎ መቀበል ካባ ለብሶ ሱሪ እንደ መርሳት ነው።

«መድኃኒቱ ያው መድኃኒት ነው፤ መልኩና መንገዱ ዝርዝር ነገር ነው» ለሚል አንባቢ ሦስት ታሪኮች ላቅርብ።

የመጀመሪያው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1937 የሆነው ነው። ሰልፋኒላማይድ የተባለው መድኃኒት በክኒንና በዱቄት መልክ ብዙ ሰዎችን ያድን ነበር። በፈሳሽ መልክ የሚፈልጉ ገዢዎች ስለ ነበሩ፣ አንድ ኩባንያ መድኃኒቱን ዳይኤቲሊን ግላይኮል በሚባል መርዛም ፈሳሽ ውስጥ አሟሙቶ፣ ጣዕምም ጨምሮበት «ኤሊክሲር» ብሎ ሸጠው። ከ100 የሚበልጡ ሰዎች፣ ብዙ ሕፃናትም ጭምር፣ ሞቱ። መድኃኒቱ ያው ነበር፤ የተለወጠው መልኩ ነው። ለሂስ ጸሐፊ ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ በጊዜው የነበረው ሕግ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት መርዝ አለመሆኑ እንዲመረመር አያስገድድም ነበርና፣ መንግሥት ጠርሙሶቹን ለመያዝ ያገኘው የሕግ ምክንያት «ኤሊክሲር» የሚለው ቃል ብቻ ነበር። ኤሊክሲር ማለት አልኮል ያለበት ፈሳሽ ማለት ሲሆን፣ በጠርሙሱ ውስጥ ግን አልኮል አልነበረም። በላዩ ላይ ሌላ ስም ተጽፎበት ቢሆን ኖሮ ያ ምክንያት እንኳ ባልተገኘ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1938፣ አዲስ ሕግ ወጣ። ከዚህ ሁሉ በኋላ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2022 በጋምቢያ በዚሁ ዐይነት መርዝ በተበከለ የሳል ሽሮፕ ምክንያት ከ60 የሚበልጡ ሕፃናት እንደ ሞቱ የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል።

ሁለተኛው የኢንሱሊን ታሪክ ነው። ኢንሱሊን በቶሮንቶ ከተማ እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1922 ለመጀመሪያ ጊዜ ለስኳር በሽተኛ ሲሰጥ በመርፌ ነበር። ምክንያቱም ኢንሱሊን ፕሮቲን ስለ ሆነ፣ የተዋጠ እንደ ሆነ ሆድ እንደ ሥጋ ይፈጨዋል። እዚህ ላይ መርፌው የግድ ነው።

ሦስተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በቤንጋል ጦርነት ጊዜ፣ በሕንድ ድንበር ላይ ባለችው ቦንጋዎን፣ በስደተኞች ሰፈር ኮሌራ ገባ። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለው ሐኪም ጨውና ግሉኮስ በውኃ አስበጥብጦ በሽተኞቹ እንዲጠጡ አደረገ። ቀድሞ ከ100 በሽተኞች እስከ 30 የሚሆኑት ይሞቱ የነበረው ወደ 4 ገደማ ወረደ። አንጀት ግሉኮስን ሲቀበል ጨውን፣ ጨውን ተከትሎም ውኃን አብሮ ስለሚስብ፣ በአፍ የተሰጠው ውኃ በደም ሥር ሊሰጥ የነበረውን ሥራ ሠራ። ዛሬ ኦ.አር.ኤስ. እያልን የምንጠራው ዱቄት ይኸው ነው። የእርሱም ትእዛዝ በግሥ የሚቆም ነው፤ የአንድ ሊትር የሆነው ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ካልተበጠበጠ፣ ለምሳሌ በአንድ ስኒ ውኃ ብቻ የተበጠበጠ እንደ ሆነ፣ ጨውነቱ በዝቶ ሕፃኑን ይጎዳዋል።

ከነዚህ ታሪኮች የምንረዳው መንገዱ የሚመረጠው በምክንያት እንጂ በክብር አለመሆኑን ነው። በአገራችን ግን የመድኃኒት መልኮች እንደ ሹማምንት በማዕርግ ተሰልፈዋል፤ መርፌ ከሁሉ በላይ፣ ክኒን ከሁሉ በታች። ክኒን ብቻ ታዞለት የወጣ በሽተኛ «ምንም አልሰጡኝም» ሲል ይሰማል። «ግሉኮስ ተሰቀለለት» የተባለለት ሰው ግን፣ በከረጢቱ ውስጥ ያለው ጨውና ውኃ ብቻ ቢሆንም እንኳ፣ ታላቅ ሕክምና እንዳገኘ ይቈጠራል። ይህም እንደ «ክኒን» ያለ የስም ታሪክ ነው፤ የአንድ ስኳር ስም በደም ሥር ለሚሰጠው ፈሳሽ ሁሉ ስም ሆኗል። ስሙ ብቻ ሲቀር ሰዎች ስለ ምክንያቱ መጠየቃቸውን ትተው ስለ ኀይሉ ያወራሉ። ግሡ ቢኖር ግን ጥያቄን ይጠራል፤ «ከምላስ ሥር ይቀመጣል» የተባለ ሰው «ስለ ምን?» ማለቱ አይቀርም። «ክኒን» የተባለ ሰው ግን ምንም አይጠይቅም።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት መቃወሚያዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው፣ መድኃኒት ቀማሚው ጊዜ የለውም የሚል ነው። ሰልፉ ረጅም፣ ሥራውም አድካሚ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን የምጠይቀው አንድ ቃል እንጂ ስብከት አይደለም። ሁለተኛው፣ ብዙ በሽተኞች ማንበብ ስለማይችሉ ጽሑፉ ቢሟላም አይጠቅምም የሚል ነው። ለዚህ መልሴ ከረጢቱ ብቻውን አይነበብም የሚል ነው። በየቤቱ ፊደል የቈጠረ ልጅ ይፈለግና «እስቲ አንብብልኝ» ይባላል። ያ ልጅ የሚያገኘው ቁጥር ብቻ ከሆነ የሚያነብበው ቁጥር ብቻ ነው፤ ግሥ ካገኘ ግን ለአያቱ ሐኪም ቤቱን ይተካል። ለማያነብቡ ሰዎች በፀሐይና በጨረቃ ሥዕል ጊዜን ማመልከት መልካም ዘዴ ነው፤ ይሁን እንጂ ፀሐይ መቼ እንጂ በየት እንደሚወሰድ አትናገርም።

መንቀፍ ብቻውን ሥራ ስላልሆነ የበኩሌን መፍትሔ ላቅርብ። ከላይ የጠቀስሁትን የጾታና የማዕርግ ችግር አማርኛ ራሱ ይፈታዋል። ትእዛዙን ለበሽተኛው ከማድረግ ይልቅ፣ «የሚ» በሚለው ምዕላድ ግሡን ለመድኃኒቱ ቅጽል እናድርገው። «የሚዋጥ» ስንል ግሡ ከመድኃኒቱ ጋር እንጂ ከበሽተኛው ጋር ስለማይስማማ፣ ለሽማግሌም ለሕፃንም፣ ለወንድም ለሴትም ያው ነው። አባትን አያዋርድም፤ ሕፃንን አያንቱም። እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፤

«ሳይሰበር የሚዋጥ ክኒን።»
«ከምላስ ሥር የሚቀመጥ ክኒን።»
«የሚታኘክ ክኒን።»
«በማንኪያ ውኃ የሚሟሟና የሚጠጣ ክኒን።»
«በብልት ውስጥ የሚገባ፣ የማይዋጥ ክኒን።»
«በመቀመጫ በኩል የሚገባ መድኃኒት።»
«ተነቅንቆ የሚጠጣ ፈሳሽ።»
«በአፍ ወደ ሳንባ የሚሳብ መድኃኒት።»

ከነዚህ መካከል «ተነቅንቆ» የሚለው እንደ ትርፍ እንዳይቈጠር እለምናለሁ። በውኃ ተበጥብጦ የሚዘጋጅ የልጆች መድኃኒት ሳይነቀነቅ የተሰጠ እንደ ሆነ ዱቄቱ ወደ ታች ስለሚዘቅጥ የመጀመሪያዎቹ ቀኖች ማንኪያ የሳሳ፣ የመጨረሻዎቹ ቀኖች ማንኪያ የበረታ ይሆናል። በአንድ ቃል ምክንያት ሕፃኑ አንድ ጠርሙስ ጨርሶ ትክክለኛውን መጠን አንድ ቀን እንኳ ሳያገኝ ሊቀር ይችላል።

ይህን ለመፈጸም አዲስ ሕግም ብዙ ገንዘብም አያስፈልግም። ጥቂት ማኅተሞች ተቀርጸው በየመስኮቱ ቢቀመጡ ቀማሚው ከመጻፍ እንኳ ያርፋል፤ ያሳፈረውንም ቃል ማኅተሙ ይናገርለታል። የሚያስፈልገው የሕክምናና የፋርማሲ ተማሪዎች ከቋንቋ ተማሪዎች ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የቃላቱን ዝርዝር እንዲያዘጋጁ ነው። በኮሌጃችን የቋንቋ ተማሪ የሚከራከረው ስለ ጥንታዊ ብራና፣ የሳይንስ ተማሪ የሚከራከረው ስለ ውጭ አገር ቃላት ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ከረጢት ግን ባለቤት አጥቷል።

የአማርኛን የሳይንስ ቃላት ስለ ማዳበር ብዙ ተጽፏል፤ ክርክሩም አብዛኛውን ጊዜ ስለ ስም ነው። ይህን በግእዝ ምን እንበለው፣ ያንን ከእንግሊዝኛ እንዋሰው ወይስ እንፍጠረው እንባባላለን። የመድኃኒቱ ከረጢት የሚያስተምረን ግን ስም መዋስ ብዙ እንደማይጎዳ ነው፤ «ካፕሱል» ብንል፣ «ሽሮፕ» ብንል ማንም አይሞትም። መዋስ የማንችለውና ከራሳችን ማውጣት ያለብን ግሡን ነው። ግሡም በየጓዳችን አለ፤ ወደ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ማምጣት ብቻ ይቀረናል።